ኪኑ ድልድዩ ላይ ዞራ ያየችው

ልጄ ኪኑ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ፊልም ላይ ታይታለች። ድልድይ ስትሻገር ነው። መሐል ላይ ስትደርስ ዞር ብላ የሆነ ነገር ታያለች፤ ከዚያ መንገዷን ትቀጥላለች። ይኸው ነው። የከተማችን ሰው በሙሉ አይቷታል። የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ ባለቤት አይታታለች፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ የምትሸጠው ኦቶሚ አይታታለች፣ አማቷም አይተዋታል። እኔ እናቷ ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጬ አላየኋትም።

ዛሬ ፊልሙ የለም። ኪኑም የለችም። ያን ጊዜ ዞራ ማንን እንዳየች፣ ፊቷስ ላይ ምን እንደነበረ ለማወቅ ያልጠየቅኩት ሰው የለም።

ነገሩ የተጀመረው ኪኑ ገና ሳታገባ፣ እኔና እሷ የሰው ልብስ እየሰፋን በምንኖርበት ጊዜ ነው። ባሌ ቀደም ብሎ አርፏል። ጸደይ ላይ ከኪዮቶ ፊልም ሠሪዎች መጡና ወንዙ ዳር ካለው የእንግዳ ማረፊያ አረፉ። የፊልማቸው ስም «በር የሌለው አፍ» ነበር። አንዲት የነጋዴ ሚስት ሐሜት ይነሳባታል፤ ከሌላ ወንድ ጋር ታየች ይባላል፤ የባሏ ቤተሰቦች ያባርሯታል። ንጹሕ መሆኗ የሚታወቀው ከረፈደ ነው። ከተማችን ድረስ የመጡት ለአሮጌው የእንጨት ድልድያችን ሲሉ ነው።

ዋናዋ ተዋናይ ያልተስማማት ዓሣ በልታ ተኛች። ኪኑ ደግሞ ያን ዕለት ሰፍተን የጨረስነውን ኪሞኖ ልታደርስ ወደ ማረፊያው ሄዳ ነበር። ቁመቷም ትከሻዋም ከተዋናይዋ ጋር አንድ ሆኖ አገኙት።

«ከኋላሽ ብቻ ነው የምናነሳሽ። ፊትሽ አይታይም፤ ማንም አያውቅሽም» አሏት። ኪኑ ልጅ ናት፤ ደስ አላት፤ እሺ አለች። እኔን ማን ይጠይቀኛል።

እኔ ቤት ነበርኩ። ከድስቱ ሩዝ እያወጣሁ ሳለ ኦቶሚ የቶፉ ባልዲዋን እንደተሸከመች በሬ ላይ ቆመች።

«እትዬ ቶዮ፣ ልጅሽ ድልድዩ ላይ ከአንድ ጎረምሳ ጋር በአንድ ጃንጥላ እየሄደች ነው።»

«ዝናብ የት አለና?»

«የእሳት አደጋ ሰዎች በፓምፕ እያዘነቡ ነዋ። ፀሐይዋም እንዳለች ናት። ቀበሮ ስትዳር እንዲህ ነው የሚዘንበው፤ የዛሬዋ ሙሽራ ግን ያንቺ ናት።»

ኦቶሚ ለቀልድ ነው ያለችው። ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ያላገባች ልጅ ከወንድ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ከታየች እኛ ከተማ ሌላ ምስክር አይፈለግም። እንዳለሁ ተነስቼ ሮጥኩ። ሩዙን መክደኔን እንኳ አላስታውስም።

ስደርስ ሰው በካሜራው ግራና ቀኝ ግጥም ብሎ ቆሟል። እኔ አጭር ነኝ፤ የሰው ጀርባ እንጂ ሌላ አይታየኝም። ስሟን እየጠራሁ እጄን ከሰው ራስ በላይ አወናጨፍኩ። የፓምፑ ጩኸት ድምፄን ዋጠው። ደግሜ ጠራኋት። እንደምንም ተጋፍቼ ፊት ለፊት ስወጣ ነገሩ አልቆ፣ ዝናቡም ቆሞ፣ ኪኑ ከላይ እስከ ታች ርሳ ፎጣ ደርበውላት አገኘኋት። የፊልሙ አዛዥ ባለ ቆቡ ሰውዬ ከካሜራ ሠራተኛው ጋር ይጨቃጨቃል።

«አትዙሪ ብዬአት አልነበረም?»

«ተዋት፤ አምሮባታል። ሌላ ደረቅ ኪሞኖም የለንም።»

እጅጌዋን ይዤ ጎተትኳት። ቤት ስንገባ የልቤን አወጣሁ። ስምሽ ቢጠፋ ማን ያገባሻል፣ አባት የሌላት ልጅ መሆንሽን ረሳሽ፣ ሰው ምን ይላል እያልኩ ስቆጣ የሩዝ ጭልፋው እስከዚያ ሰዓት እጄ ላይ እንዳለ አየሁ። ሩዙ ደርቆበታል። ኪኑ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ተውኳት። ደረቅ ልብስም ሰጠኋት፤ ብርድ እንዳይመታት።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ የጋብቻ አገናኟ ወይዘሮ ጥሩ ወሬ ይዘውልን መጡ። የአኩሪ አተር ስጎ የሚጠምቁት የኡሜሃራ ቤተሰብ ለሁለተኛው ልጃቸው ለሱኤኪቺ ሚስት ይፈልጋሉ። ሱኤኪቺ ትንሽ ዓይነ አፋር ነው እንጂ መልካም ልጅ ነበር። ኪኑም አይታው «እጁ ስጎ ስጎ ይሸታል፤ ግን ደስ የሚል ሽታ ነው» አለችኝ። ይህን ስትል ቀላ አለች። እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

የሚቀረው ማጣራቱ ነበር። የወንዱ ወገን ሰው እየላከ ስለ ልጅቷ ይጠይቃል፤ ሩዝ ሻጩን ይጠይቃል፣ መታጠቢያ ቤት ይጠይቃል። የኡሜሃራዋ እመቤት ግን ሰው የሚልኩ አልነበሩም፤ ራሳቸው ነው የሚዞሩት። ኦቶሚ ጋ እንኳ ሄደው ቶፉ ገዝተዋል።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ልጅቷ ማለዳ ትነሳለች፣ ቶፉ ስትገዛ ክብደቱን አትከራከርም፣ እናቷ ግን ትከራከራለች አልኩ።»

«ኦቶሚ፣ አትቀልጂ።»

«ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ፊልም ላይ ወጥታለች የሚባለው እውነት ነው ወይ አሉኝ። በሚመጣው በዓል እዚህ ይታያል አሉ። ሄደው ሊያዩት ነው።»

 ፊትሽ አይታይም ብለዋት የነበረው ውሸት ሆኗል። ፊልሙን ኪዮቶ ላይ ያየ አንድ ነጋዴ «የልብስ ሰፊዋ ልጅ ዞራ ስታይ ቁልጭ ብላ ትታያለች» እያለ ለከተማው አዳርሷል። ያቺ የተባረረች ሚስት ድልድዩ ላይ አብራው የምትሄደው ጎረምሳ ደግሞ ባሏ አይደለም፤ የታማችበት ሰውዬ ነው። ወይዘሮ ኡሜሃራ ይህን በዓይናቸው አይተው ልጃቸውን እንዴት ይሰጡናል?

ያኔ ፊልም አፍ አልነበረውም። ከሸራው ጎን ቆሞ የሴቱንም የወንዱንም የነፋሱንም ድምፅ የሚያወጣው ተራኪው ነው። የእኛ ከተማ ተራኪ ኮሴን ይባል ነበር። ሰው ፊልም ሊያይ ሳይሆን ኮሴንን ሊሰማ ነበር የሚሄደው። ለጉሮሮው ጥሬ እንቁላል እንደሚጠጣ ሁሉም ያውቃል። እንቁላል በቅርጫት ይዤ ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ በጓሮ በር ገባሁ። ጥቁር ካፖርቱን ሰቅሎ በጨው ውኃ እየተጉመጠመጠ አገኘሁት።

«እንቁላሉ የዛሬ ነው?» አለኝ ሰላምታዬን ሳይጨርስ።

«የዛሬ ጠዋት ነው።»

«እንግዲያው ይቀመጡና ይናገሩ፣ እትዬ።»

ነገርኩት። እስክጨርስ አንድ እንቁላል ሰብሮ ጠጣ።

«ቆርጠው ይጣሉልኝ የሚሉኝ ከሆነ አልችልም። ሥዕሉ የኩባንያው ነው።»

«ሌላስ መላ የለም?»

«አፉ ግን የእኔ ነው። ያ ጎረምሳ ማን እንደሆነ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ማን ይሁንልዎት?»

አስቤበት አልመጣሁም። «ወንድሟ ይሁን» አልኩ።

«ወንድሟ። ጥሩ። አባታቸው ሊሞት ነው፤ ሊወስዳት መጣ።» ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «እንዲያውም ከዋናው ይበልጣል። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ይኸው ወንድሟ ተንበርክኮ አግቢኝ ብሎ ይለምናታል።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ያን ጊዜ እስላለሁ።»

«ሸራው ላይ ጽሑፍም ይወጣል ይላሉ። እኔ ማንበብ አላውቅም፤ ወይዘሮ ኡሜሃራ ግን ያውቁ ይሆናል።»

ኮሴን ቅር ብሎት ተመለከተኝ። «እትዬ፣ እኔ እየተናገርኩ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው እስካሁን አልተወለደም።»

በበዓሉ ቀን ጫማችንን በር ላይ አስረክበን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ኦቶሚ በግራዬ፣ ኪኑ በቀኜ። ወይዘሮ ኡሜሃራ ከአገናኟ ጋር ትንሽ ከፊታችን ናቸው። ግራጫ ኪሞኖ ለብሰዋል። አንገታቸው ቀጥ ያለ ነው፤ መሐረባቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። መብራቱ ሲጠፋ ዓይኔን ያ መሐረብ ላይ ተከልኩ። ፊልሙ ተጀመረ፤ እኔ ግን መሐረቡን ነው የማየው። ሰው ሲስቅ መሐረቡን አያለሁ፤ ሰው ዝም ሲል መሐረቡን አያለሁ። ያ መሐረብ ከተነሳ ልጄ ታገባለች፤ ካልተነሳ አበቃላት ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት።

ድልድዩ ሲመጣ ያወቅኩት ኦቶሚ በክርኗ ስለጎሸመችኝ ነው።

«ያቻት፣ እያት፣ እያት እንጂ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ኮሴን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። «እህቴ፣ ጃንጥላዬ ጠባብ ናት። ግን አባታችን ሁለታችንን በአንድ ብርድ ልብስ አልነበር ያሳደገን? ቶሎ እንሂድ፤ ዓይኑን ሳይከድን ስምሽን እየጠራ ነው።» ከዚያ ድምፁ እየጨመረ እየጨመረ ሄደ፤ አዳራሹ በሙሉ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ። በዚያች ሰዓት ኪኑ ከጎኔ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሳልዞር ጭኗን ቆነጠጥኳት። አሁን ይሳቃል? አማትሽ ከሰሙ ምን ይላሉ?

መሐረቡ ተነሳ።

ወይዘሮ ኡሜሃራ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያም ወደ አገናኟ ዘንበል ብለው የሆነ ነገር አሉ። ከደስታዬ ብዛት ጆሮዬ ጭው አለ። ወደ ሸራው ቀና ስል ድልድዩ አልፎ የሆነ ሰው ቢሮ ውስጥ ጢሙን ይደባብሳል። መጨረሻው ላይ ኮሴን ቃሉን ጠብቆ ሳለ። የአዳራሹ ባለቤት ደንግጦ ውኃ ይዞለት እስኪሮጥ ድረስ ነው የሳለው። ያ ሳል እስከ ዛሬ ይወራል።

ወደ ቤት ስንመለስ ኪኑ የእንጨት ጫማዋን እያንቋቋች ትንሽ ቀድማኝ ትሄድ ነበር። ቆም ብላ ጠበቀችኝ።

«እማዬ፣ አየሽኝ?»

«አየሁሽ እንጂ።»

«ስዞርም?»

«ስትዞሪም።»

«ታዲያ አላሳቀሽም?»

«ምኑ ያስቃል? ቆንጆ ነበርሽ።»

አየችኝና እጄን ያዘች። ልጅ ሆና እንደምትይዘኝ በሁለት ጣቷ ነው የያዘችኝ። እንደዚያ ሆነን ገባን።

ሰርጉ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ሆነ። የሰርጓ ፎቶግራፍ አለኝ። ፊቷ በነጭ ዱቄት ተለስኖ፣ ራሷ ላይ ያ ከባድ የሙሽራ መሸፈኛ ተጭኖባት፣ ቆማ ሳይሆን ተተክላ ነው የምትመስለው። የማንም ሙሽራ ሊሆን የሚችል ፎቶግራፍ ነው። ሌላ የላትም። ሱኤኪቺ ደግ ባል ሆናት፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። ከዓመት በኋላ ቤተሰቡ ባሕር ማዶ ዳይረን ከተማ የስጎ መሸጫ ሊከፍት ሱኤኪቺን ላከው፤ ኪኑም ተከተለችው።

ወደብ ልሸኛቸው ሄጄ ብርድ ልብስ ይዘሻል ወይ፣ የሆድ መድኃኒቱ የት ነው ስል መርከቡ ጮኸ። ኪኑ ከላይ ሆና እጇን አፏ ላይ እንደ ቀንድ አድርጋ ጮኸችልኝ።

«እማዬ፣ ዛሬስ ጭልፋሽን ረሳሽው።»

ደነገጥኩ። ለካ ጭልፋ አልያዘችም። ባሕር ማዶ ደህና የሩዝ ጭልፋ ከየት ይገኛል? በማግስቱ ከእንጨት ሠራተኛው ጥሩውን መርጬ ገዝቼ በፖስታ ላክሁላት። መልሷ ሲመጣ ለሰው ማስነበብ ነበረብኝ። «ጭልፋው ደረሰኝ። በሬ ላይ ሰቅዬዋለሁ» ይላል። በር ላይ ጭልፋ የሚሰቅል ሰው አይቼ አላውቅም። የዳይረን ልማድ ይሆናል አልኩ።

የልጄን ቃል በሰው አፍ መስማት መረረኝና በቤተ መቅደሱ የሴቶች ትምህርት ገባሁ። ከእኔ የሚያንሱ እናቶች መሐል ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ጣቴ መርፌ ለምዶ የመጻፊያ ብሩሹ አልታዘዝ አለኝ። ቢሆንም የራሴን ደብዳቤ ራሴ ጽፌ የላክሁላት ጊዜ ነበር። በዚያ ክረምት ሳንባዋን ታማ አረፈች። ሱኤኪቺ ራሱ ነው የተቃጠለ አስከሬኗን አመድ በነጭ ጨርቅ በተጠቀለለ ሣጥን ታቅፎ ያመጣልኝ። ከልብሷ ጋር ጭልፋውም ተመልሶ መጣ። አገላብጬ አየሁት፤ ሩዝ ነክቶት አያውቅም። ምን አጥፍቶ ይሆን፣ ከበዳት ይሆን ብዬ አዘንኩ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ድምፅ ያለው ፊልም መጣ፤ ኮሴንም ከአዳራሹ ወጥቶ ሄደ። አንድ ቀን ኦቶሚ ቶፉ እየቆረጠችልኝ እንዲሁ በነገር መሐል አንድ ቃል ጣለች።

«አንዳንዴ ሳስበው፣ ኪኑ ያን ተዋናይ ወድዳው ነበር ይመስለኛል።»

«የትኛውን?»

«ጃንጥላ የያዘውን ነዋ። ዞራ ያየችበት አስተያየት ላልወደዱት ሰው የሚሆን አይደለም። አንቺም አይተሽዋል እኮ።»

«አይቻለሁ» አልኩ። ቶፉውን ይዤ ቤቴ ገባሁና ወጥ ሳልሠራ ዋልኩ።

ልጄ ልቧን ያ ድልድይ ላይ ጥላ ይሆን? እኔ መሐረብ እያየሁ፣ በእንቁላል እየደለልኩ፣ ለማትፈልገው ሰው ዳርኳት? ባሕር ማዶ ሄዳ ሳንባዋ የታመመው በብርድ ነው ወይስ በሌላ? እናት ስትጨነቅ የማትደርስበት የለም። መታጠቢያ ቤት ሄጄ ባለቤቷን ጠየቅኩ፤ «እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አይቻለሁ» አለችኝ። ሩዝ ሻጩ «አይ፣ በእጅጌዋ ፊቷን ሸፍና ነበር» አለ። ወይዘሮ ኡሜሃራ አርጅተው፣ ጆሯቸው ደክሞ ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያስታውሱት ሊሞት ነው የተባለውን አባት ፊት ነው። እንዲህ ያለ አባት ፊልሙ ላይ የለም፤ ኮሴን ከአፉ ነው የፈጠረው። ማንም ከማንም ጋር አልገጠመም።

ፊልሙን ራሱን ላየው ይገባኝ ነበር። ለኩባንያው በራሴ እጅ ጻፍኩ። መጋዘናቸው ተቃጥሏል፤ በየከተማው ሲዞር የነበረውም ቅጂ አርጅቶ ተቆራርጦ ለአሻንጉሊት ነጋዴ ተሽጧል አሉኝ። ያ እውነት ነው፤ ልጆች ከከረሜላ ሱቅ የፊልም ቁራጭ በትንሽ ከረጢት ይገዙ ነበር። እኔም መግዛት ጀመርኩ። ባለ ሱቋ «ለልጅ ልጅዎ ነው?» ስትለኝ አዎ እላለሁ። ቤቴ መስኮት ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ። ፈረስ ይወጣል። ሰይፍ የያዘ ሰው ይወጣል። የፈረንጅ ሴት ገላዋን ስትታጠብ ይወጣል፤ ያን ቶሎ እጥላለሁ። ጃንጥላም አንድ ጊዜ ወጥቶልኝ ልቤ ልትቆም ደርሳ ነበር። ሌላ ጃንጥላ ነበር።

ኮሴንን ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። በባቡር ሄደው በሚደርሱበት ጎረቤት ከተማ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ በብስክሌት የወረቀት ቲያትር ያሳያል አሉኝ። እንቁላል ይዤ ሄድኩ። ብስክሌቱ ላይ የእንጨት ሣጥን አስሮ፣ ሥዕሎቹን ከሣጥኑ አንድ በአንድ እየሳበ ለልጆች ይተርካል፤ ከረሜላም ይሸጣል። ጥቁሩ ካፖርት ያው ነው፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ትርኢቱን እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩትና ቅርጫቱን ዘረጋሁለት።

ቅርጫቱንም እኔንም አየ። «እንቁላሉ የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ጠዋት ነው።»

«እትዬ ቶዮ። ጉሮሮዬ እንኳ ከእንግዲህ እንቁላል አያድነውም። ሆዴ ግን አይጠላም። ደግሞ የማንን ወንድም ልፍጠርልዎት?»

ግቢው ውስጥ ያለውን የእጅ መታጠቢያ ድንጋይ ጠርጎ አስቀመጠኝ። የኪኑን ዕረፍት ነገርኩት፤ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኩት።

«ድልድዩ ላይ ስትዞር ያን ጎረምሳ ነው ያየችው?»

«ወንድሟን?»

«አይቀልዱብኝ፣ ጌታዬ።»

«ይቅርታ፣ እትዬ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።» ድምፁን ለወጠ። «ጎረምሳው በቀኟ ነው። እሷ የዞረችው በግራዋ ነው። በፍጹም አላየችውም።»

«እርግጠኛ ነዎት? ሌላው ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ነው የሚለኝ።»

«ሌላው ሰው እኔን ነበር የሚሰማው። እኔ ግን አፌን የምከፍተው አንገቷ ሲዞር ነው። ምልክቴ ነበረች። ፊልሙ እዚህ በቆየበት ጊዜ ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ትርኢት፣ ትንፋሼን ይዤ ያንን አንገት እጠብቃለሁ። የረሳሁት ፊልም ብዙ ነው። ምልክቶቼን አልረሳም።»

«ፊቷስ?»

ኮሴን ራሱን አከከ። «እዚያ ላይ ነው እንዲያውም የተቸገርኩት። ሳቀች።»

«ሳቀች?»

«ከቤቷ የተባረረች ሚስት ትስቃለች? ሰዉ ሳቋን ካየ ታሪኩ ተበላሸ። ስለዚህ እዚያች ቦታ ላይ ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ አስለቅሳቸው ነበር። ዓይኑ እንባ የሞላበት ሰው ሳቅና ለቅሶ አይለይም።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ምን እንዳየች ሸራው ላይ የለም። ካሜራው ከኋላዋ ነው፤ እሷ የምታየው ከካሜራው ጎን ነው። ሰው ግን አይደለም ያየችው። ዓይኗ ቀና ይላል። ከሰው ራስ በላይ የሚውለበለብ ነገር እንዳየች ነው የምትስቀው። ያን ቀን ባንዲራ ነበር?»

ባንዲራ አልነበረም።

 ልጆቹ ከረሜላቸውን እየላሱ አፌን ያያሉ። «ጭልፋ ነው» አልኩት። «የሩዝ ጭልፋ። እኔ ነኝ። ስሟን ጠርቻት ነበር፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም።»

አልገባውም። ከሩዝ ድስቱ ጀምሬ ነገርኩት። የሰውን ጀርባ፣ የፓምፑን ጩኸት፣ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ የመሰለኝን፣ አዳራሹ ውስጥ የቆነጠጥኳትን፣ «አላሳቀሽም» ያለችኝን፣ መርከቡን። በፖስታ የላክሁትን ጭልፋና እሷ በር ላይ መስቀሏን ስነግረው መሳቅ ጀምሮ መሐል ላይ አቆመ።

«ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ» አለ።

«ምን ይሉ ነበር?»

«ዝም እል ነበር።»

የነፈሰው ነፋስ የወረቀት ሥዕሎቹን አንቀሳቀሳቸውና በእጁ ያዛቸው። እኔም ለመሄድ መነሳት ነበረብኝ፤ ባቡሩ አይጠብቅም። አልተነሳሁም።

«ያሳዩኝ» አልኩት። «ሳይናገሩ።»

ኮሴን መጀመሪያ አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ከብስክሌቱ ላይ ጃንጥላውን ፈትቶ ዘረጋውና ጀርባውን ሰጠኝ። እርምጃውን እንደ ሴት አሳጠረ። የተጣፈው ካፖርት ወደ ቤተ መቅደሱ በር ቀስ ብሎ ሄደ። ልጆቹ በሽማግሌው ሳቁ፤ አንዷ «አያቴ ሙሽራ ሆኑ» አለች። መንገዱን ሲያጋምስ ቆመ። አንገቱ በግራ በኩል ዞረ፤ ዓይኑ ትንሽ ቀና አለ፤ የሚንቀጠቀጥ አገጩ ከፍ ብሎ አንዲት አጭር፣ ልትታፈን የነበረች ሳቅ ፊቱ ላይ መጥታ ሄደች።

የኪኑ ፊት አይደለም። የሽማግሌ ፊት ነው። ግን አንገቷ እንደዚያ ነበር የሚዞረው፤ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ስጠራት እንደዚያ ነው የምትዞረው።

ጃንጥላውን አጥፎ ወደ እኔ መምጣት ሲጀምር እጄን አንስቼ አስቆምኩት።

«እንደገና» አልኩት።

 ወደ መነሻው ተመልሶ ጃንጥላውን ዘረጋ። እኔም ከድንጋዩ ላይ ተነሳሁና፣ እጄን ከልጆቹ ራስ በላይ ከፍ አድርጌ፣ መሐል እስኪደርስ ጠበቅኩት።